ቺን ስድስቱን መንግሥታት ያሸነፈችው በምንድን ነው?

«መምህር፣ እንደምን አሉ? ስለ ጥንታዊቷ የቺን መንግሥት የተሠራውን የቻይና ተከታታይ ድራማ ማየት ጀምሬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨረስኩ። እንቅልፍ ነው ያሳጣኝ። ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ድሃ፣ የተናቀች፣ ጎረቤቶቿ ሊቀራመቷት ያሰፈሰፉባት አገር በአንድ መስፍንና በአንድ አማካሪ ብርታት እንዲህ ልትለወጥ ትችላለች? ሻንግ ያንግስ በእውነት የነበረ ሰው ነው ወይስ ደራሲው የፈጠረው? የቀሩትን ምዕራፎች ልያቸው ወይ?»

ወንድሜ፣ ከቀላሉ ልጀምርልህ። ሻንግ ያንግ በእውነት የነበረ ሰው ነው። አለቃው መስፍን ሺያዎም እንዲሁ።

በሻንግሃይ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ትንሽ የነሐስ መስፈሪያ አለች። አራት ማዕዘን ናት፣ እጀታ አላት። የምትይዘው ወደ 202 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ጭብጥ ተኩል እህል ቢሆን ነው። ጎኗ ላይ የሻንግ ያንግ ስም ከነሹመቱ ተቀርጿል። መያዝ ያለባት ልክም ከነክፍልፋዩ ተጽፏል። የተሠራችው በ344 ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው የጥንት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጊዜው ወደ እኛ ይቀርባል።) ከ123 ዓመት በኋላ፣ በ221፣ ቺን ቻይናን በሙሉ ጠቅልላ ስትይዝ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ያችኑ መስፈሪያ አስመጥቶ ታቿ ላይ አዋጁን አስቀረጸባት። አገሩ ሁሉ በአንድ መለኪያ ይስፈር የሚል አዋጅ ነው።

ለጥያቄህ ያለኝ ዋና መልስ ከዚህችው መስፈሪያ ጋር ይያያዛል። ድራማው የቺንን መነሳት የቆራጥ ሰዎች ታሪክ አድርጎ ይነግርሃል። እኔ ደግሞ ቺንን ያነሳት ቆጠራ ነው ባይ ነኝ። ሰውን፣ መሬትን፣ እህልን፣ በሬን ሳይቀር እየቆጠሩ መመዝገብ። ሰዎቹ ሞተዋል፣ መዝገቡ ግን አልሞተም። ያሸነፈውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ድራማው ራሱ ትንሽ ልበል። ያየኸው ምዕራፍ በቴሌቪዥን የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻው ሱን ሃዎኹይ የጻፈው ረጅም ልብ ወለድ ነው። ሰውየው የሕግ ምሁር ስለሆነ ቺንን የሚያያት በሕግ ዓይን ነው፤ ሕግን የበላይ ያደረገች አገር አድርጎ ይወዳታል። ያ ፍቅር ድራማው ውስጥም ይታያል። ሺያዎን የሚጫወተው ሆው ዮንግና ሻንግ ያንግን የሚጫወተው ዋንግ ጂፌይ ደግሞ ድንቅ ናቸው። ሁለቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ብቻ ማየት ይበቃል። ታሪኩን ለማስተማር ስል ድራማውን ላጣጥለው አልፈልግም። እኔም ወድጄው ነው ያየሁት።

አሁን ወደ ክፍተቱ። ድራማው ሲከፈት ቺን ነፍሷ ልትወጣ ነው። መስፍኑ ከጦርነት ቆስሎ ይሞታል፣ ልጁ ባዶ ካዝና ይረከባል፣ ከዚያ ሻንግ ያንግ ይመጣና ሁሉን ከዜሮ ይጀምራል። ለድራማ ጥሩ ነው። በእውነቱ ግን አብዛኛውን መሠረት የጣለው የሞተው አባት ነው። ስሙ መስፍን ሺየን ይባላል። በ384 ሥልጣን እንደያዘ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ገዢ ሲሞት ሰው አብሮ የመቅበርን ልማድ መከልከል ነው። በ378 ገበያ አቋቋመ። በ375 ቤተሰቦችን መዝግቦ በአምስት በአምስት አደራጀ። ልብ በል፣ ሻንግ ያንግ ገና ቺንን በዓይኑ ሳያያት ነው ይሄ ሁሉ። በ364 የቺን ጦር በሺመን የምሥራቅ ጎረቤቷን የዌይን መንግሥት ክፉኛ መታው፤ የታሪክ መዝገቡ 60 ሺህ ራስ ተቆረጠ ይላል። በ362ም ሻዎሊያንግ ላይ የዌይን ጠቅላይ ሚኒስትር በምርኮ ያዘ። ይህ የምትሞት አገር ሥራ አይደለም።

ንቀቱ ግን የውሸት አይደለም። ሺያዎ በ361 በ21 ዓመቱ ሲነግሥ ያወጣው አዋጅ እስካሁን አለ። የምሥራቅ መኳንንት ይንቁናል፣ ከዚህ የሚብስ ውርደት የለም ይላል። አባቶቹ ያጡትን ከቢጫው ወንዝ በስተምዕራብ ያለ መሬት ያነሳል። ከዚያም ከአገሬውም ሆነ ከውጭ የመጣ ሰው ቺንን የሚያበረታ ሐሳብ ካመጣ ሹመትም መሬትም እሰጠዋለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ሻንግ ያንግ የመጣው ይህን ሰምቶ ነው። ያን ጊዜ በዌይ ቤተ መንግሥት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ረዳት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊሞት ሲል ለንጉሡ «ይህን ልጅ ወይ ሹመው፣ ወይ ግደለው፣ ከአገር እንዳይወጣ» ብሎት ነበር ይባላል። ንጉሡ ሁለቱንም አላደረገም። ያችን ቸልታ ዌይ በኋላ መሬቷን እየቆረሰች ከፍላበታለች።

ከሺያዎ ጋር የተገናኙበትን የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን በደንብ ይተርከዋል። ሻንግ ያንግ መጀመሪያ ስለ ጥንት ደጋግ ነገሥታት ሲያወራ መስፍኑ እንቅልፉ መጣ። ሌላ ጊዜ ሌላ ሐሳብ አመጣ፣ አሁንም አልጣመውም። በመጨረሻ አገርን በአጭር ጊዜ ስለሚያበረታው ነገር ማውራት ሲጀምር ሺያዎ ጉልበቱ ከተቀመጠበት ምንጣፍ አልፎ ወደፊት ሲንፏቀቅ አልታወቀውም። ቀናት አወሩ፣ አልሰለቸውም። ሲማ ቺየን ይህን የጻፈው ነገሩ ካለፈ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቺንን ጥሎ በተተካው በሃን ሥርወ መንግሥት ሥር ሆኖ ነው። ስለዚህ ንግግሩን ቃል በቃል አትውሰደው። የሐሳቡን አካሄድ ግን ከሌላው ማስረጃ ጋር ስታስተያየው ልክ ነው።

ከዚያ ሕጉ መጣ። የግንዱን ነገር አይተሃል። ሻንግ ያንግ በዋና ከተማው ደቡብ በር ግንድ አቁሞ ወደ ሰሜን በር ለወሰደ ሰው 10 ወርቅ እሰጣለሁ አለ። ማንም አላመነውም። ወደ 50 አሳደገው። አንድ ሰው ተሸክሞ ወሰደ፣ 50ውን እዚያው ተከፈለው። ይህ በሲማ ቺየን መጽሐፍ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው፣ ደራሲው የጨመረው አይደለም።

ከሕጉ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ልዘርዝርልህ፤ ሌላው ከእነሱ ይከተላል። አንደኛው ማዕረግ ነው። የዘር መኳንንት በጦር ሜዳ ሥራ ካልሠራ ከመሳፍንቱ መዝገብ ይሰረዛል። ገበሬው ደግሞ አንድ የጠላት ታጣቂ ራስ ቆርጦ ካመጣ አንድ ማዕረግ ይወጣል፤ ከማዕረጉ ጋር 100 ሙ መሬትና የቤት መሥሪያ ቦታ ያገኛል። 100 ሙ በዛሬው ልክ ከ4 ሄክታር ይበልጣል። ማዕረጉ እየተጠናቀረ በመጨረሻ 20 ደረጃ ሆነ። አስበው እስቲ። በሌሎቹ መንግሥታት ጉልት የሚወረሰው ከአባት ነው። እዚህ ግን የገበሬ ልጅ ጦር ሜዳ ላይ ያገኘዋል። ድራማው ላይ ወታደሮቹ እየጮሁ ሲሮጡ የአገር ፍቅር ይመስልሃል። ከፍቅሩ ሥር የመሬት ካርታ አለ።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። አባትየው የጀመረውን የአምስት ቤት ቡድን ሻንግ ያንግ አጠበቀው። አንዱ ቢያጠፋ ጎረቤቱ ካላሳወቀ አብሮ ይቀጣል። ሁለት ጎልማሳ ወንድ ያለበት ቤት ካልተከፈለ ግብሩ እጥፍ ይሆናል። ለምን? ትልልቅ ቤተሰቦች ተሰነጣጥቀው ብዙ ትንንሽ ግብር ከፋይ ቤቶች እንዲሆኑ ነው። በ350 ዋና ከተማው ወደ ሺየንያንግ ተዛወረ፤ መንደሮቹም ከመዲናው በሚሾምና በሚሻር ሹም በሚመሩ ወረዳዎች ተጠቃለሉ። ሹሙ ደመወዙን በእህል ይቀበላል፣ መሬቱን ለልጁ አያወርስም። መስፈሪያዋ የተሠራችው ከዚህ 6 ዓመት በኋላ ነው። ግብርም ደመወዝም በእህል በሚከፈልበት አገር የቁና ልክ ከወረዳ ወረዳ ከተለያየ መዝገቡ ሁሉ ውሸት ይሆናልና።

ሞቱ ላይ ድራማውና ታሪኩ ይለያያሉ። ድራማው የሻንግ ያንግን መጨረሻ እንደ መሥዋዕት ነው የሚያሳየው። ሲማ ቺየን ግን እንዲህ ይላል። በ338 ሺያዎ ሲሞት አልጋ ወራሹ ነገሠ። ይህ ልጅ ድሮ ሕግ ጥሶ አስተማሪዎቹ በእሱ ፋንታ የተቀጡለት ነው። አንደኛው መምህር በኋላ ደግሞ አጥፍቶ አፍንጫው ተቆርጦ 8 ዓመት ከቤቱ አልወጣም ነበር። ቂሙ ሲፈነዳ ሻንግ ያንግ ሸሸ። ድንበር ላይ ማደሪያ ሲጠይቅ የእንግዳ ቤቱ ባለቤት «የሻንግ ጌታ ሕግ መታወቂያ የሌለውን ሰው ያሳደረ ይቀጣል ይላል» ብሎ መለሰው። ማንን እያነጋገረ እንደሆነ አላወቀም። ወደ ዌይ ቢሄድ አልቀበልህም ተባለ። ተመልሶ በግዛቱ ጦር አሰባስቦ ተዋጋ፣ ተገደለ፣ ሬሳው በሠረገላ ተጎትቶ ተቆራረጠ። ቤተሰቡም አለቀ። በድራማው ውስጥ የምታያት ፍቅረኛው ባይ ሹዌ የደራሲው ፈጠራ ናት፤ በጥንቱ መዝገብ የለችም።

አሁን ወደምትጠይቀኝ ዋና ነገር መጣን። አዲሱ ንጉሥ ኹይዌን ሻንግ ያንግን ገደለው፣ ሕጉን ግን አልነካም። ለምን? ሕጉ ግብር ያስገባለታል፣ ወታደር ይሰጠዋል፣ መኳንንቱን ያስርለታል። አማካሪውን መጥላት ይቻላል፣ መዝገቡን መጣል ግን ዙፋንን መጣል ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ በዚህ ንጉሥና በዲፕሎማቱ በጃንግ ዪ ላይ ስለሚያተኩር ይህን ይዘህ እየው። የዲፕሎማሲው ተንኮል ያስደስታል፤ ከበስተጀርባ ግን የወረዳ ጸሐፊው ሥራውን አላቋረጠም።

የዚያን ጸሐፊ ፊት እኛ የምናውቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። በኹቤይ ግዛት፣ ዩንመንግ አካባቢ፣ ሽዌይኹዲ በሚባል ቦታ መቃብሮች ተገኙ። 11ኛው መቃብር ውስጥ ከ1,100 በላይ ቀጫጭን የቀርከሃ ሰሌዳዎች ከሟቹ ጋር ተቀብረው ነበር። ሟቹ ሺ ይባላል። በ262 የተወለደ፣ በሕግ ጉዳይ የሠራ የወረዳ ሹም ነው። እንደ ወርቅና ብር አብረውት የተቀበሩት የሥራው ሕጎች ናቸው።

እነዚህን ሕጎች ሳነብ ነው ቺን ምን እንደነበረች የገባኝ። ለምሳሌ ዝናብ ሲዘንብ ሹሙ ስንት ማሳ እንደረጠበ በጽሑፍ ለበላዩ ማሳወቅ አለበት። ድርቅ፣ በረዶ፣ ተባይ፣ ጎርፍ ሲመጣም እንዲሁ። ቅርብ ያለ ወረዳ በፈጣን እግረኛ፣ ሩቅ ያለ በመልእክተኛ ጣቢያ ይልካል። ለአንድ ሙ መሬት ምን ያህል የሩዝ፣ ምን ያህል የስንዴ ዘር እንደሚዘራ ተወስኗል። በጸደይ ሁለተኛው ወር ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው።

የበሬው ሕግ ደግሞ ይለያል። የመንግሥት በሬ ለእርሻ ሲሰጥ ወገቡ ይለካል። ሲመለስ እንደገና ይለካል። ከስቶ ከተገኘ ኃላፊው ለእያንዳንዱ የቀነሰ ጣት ያህል 10 ጅራፍ ይገረፋል። በዓመት አራት ጊዜ በሬዎቹ ይገመገማሉ። በግምገማው አንደኛ የወጣው የእርሻ ሹም አንድ ማሰሮ ጠጅና አንድ እስር ቋንጣ ይሸለማል። የአገር መሪ የበሬ ወገብ በገመድ እንዲለካ በሕግ ሲያዝ፣ ያ መሪ መቶ ሺህ ጦር ስንቅ ሳይጓደልበት ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ምሥራቆቹ ጎበዝ ጄኔራልም ብልህ አማካሪም ነበራቸው። በዚህ ጥልቀት የሚቆጥር ሹም አልነበራቸውም።

ሺ የራሱን ዕድሜ ከአገሩ ጦርነት ጋር እያቆራኘ ዓመት በዓመት የጻፈው ዝርዝርም አብሮት ተገኝቷል። ከ306 ይጀምራል። በ246 ላይ ራሱ በወታደርነት መዝገብ እንደገባ ይጽፋል። በ231 ሰው ሁሉ ዕድሜውን ራሱ እንዲያስመዘግብ እንደታዘዘ ይጽፋል። የዓለምን ታሪክ የቀየረው፣ ወደ ታች የምመለስበት የቻንግፒንግ ጦርነት ደግሞ «ቻንግፒንግ ተጠቃ» ተብሎ በሦስት የቻይንኛ ፊደል ታልፏል።

ከዚያው ከሽዌይኹዲ፣ ከ4ኛው መቃብር፣ ሁለት የእንጨት ሰሌዳ ደብዳቤዎች ወጥተዋል። እስካሁን ከተገኙት የቻይና የቤተሰብ ደብዳቤዎች ቀደምቶቹ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ኸይፉና ጂንግ የሚባሉ ወንድማማች የቺን ወታደሮች ናቸው። በ223 አካባቢ የቹን መንግሥት ሲወጉ ለወንድማቸው ለጆንግ ነው የጻፉት። ኸይፉ እናቱን የበጋ ልብስ ይጠይቃል። ጨርቅ በእኛ አገር ርካሽ ከሆነ እማዬ ሰፍታ ትላክልኝ፣ ውድ ከሆነ ግን ገንዘቡን ብቻ ላኩልኝ፣ እዚሁ አሰፋለሁ ይላል። ጂንግ ደግሞ ከሰው ተበድሯል። ገንዘቡ ካልመጣ መሞቴ ነው፣ ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቶሎ ብሎ ይጽፋል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያነቡት ደብዳቤው ውስጥ የማዕረግ ሹመቱ ቤት ደረሰ ወይ የሚል ጥያቄም አለ። ያ የሻንግ ያንግ ማዕረግ ነው እንግዲህ፤ ሰውየው ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ወታደሩ ግን አሁንም ይጠብቀዋል። ወታደሩ ልብሱን ከቤቱ ነው የሚያስመጣው፣ መንግሥት አያለብሰውም። ድራማው ውስጥ አንድ ዓይነት የለበሰውን ጥቁር ሠራዊት ስታይ እነዚህን ሁለት ወንድማማቾች አስብ። ጥቁሩም ቢሆን እንደ ሲማ ቺየን ከሆነ የመንግሥት ቀለም ተብሎ የተወሰነው ከ221 በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ጋር የተቀበሩት የሸክላ ወታደሮች እንኳ ሲሠሩ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ቀለም ተቀብተው ነበር።

ሌላው ድራማ ብዙ የማይደክምበት ነገር ምግብ ነው። በ316 በቺን ቤተ መንግሥት ትልቅ ክርክር ተነሳ። ጃንግ ዪ መሐል አገር ያለችውን ሃንን (ከስድስቱ መንግሥታት አንዷ ናት፤ ከቺን በኋላ ከመጣው ከሃን ሥርወ መንግሥት ጋር አታምታታት) እንውጋ አለ፤ ስማችን በዓለም ይናኛል ብሎ። ጄኔራሉ ሲማ ጽዎ ደግሞ ከተራራ ጀርባ ያለውን የሹን አገር፣ የዛሬዋን ሲቹዋን እንያዝ አለ። መሬት ይሰፋናል፣ ሕዝባችን ይበለጽጋል፣ ማንም አይቆጣንም አለ። ንጉሡ ሲማ ጽዎን ሰማ። እኔ ከሁሉም ጦርነቶች ይህን ውሳኔ ነው የማስበልጠው። በ256 አካባቢ የሹ አስተዳዳሪ ሊ ቢንግ በሚን ወንዝ ላይ ዱጂያንግየን የተባለውን መስኖ ሠራ። ወንዙን በግድብ አያግደውም። መሐሉ ላይ የዓሣ አፍ በሚመስል ግንብ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ወደ ሜዳው ይሄዳል፣ ትርፉ በዋናው ወንዝ ይወርዳል። ዛሬም ይሠራል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጀንግ ጉዎ የሚባለው መሐንዲስ ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣዋል። የሃን መንግሥት ሰላይ ነው። በ246 ቺንን ረጅም ቦይ እንድትቆፍር አሳመናት፤ ዓላማው ጉልበቷን በቁፋሮ ጨርሳ ጦርነት እንድትተው ነበር። መሐል ላይ ተነቃበት። ሊገድሉት ሲሉ «አዎ ሰላይ ነኝ፣ ግን ቦዩ ካለቀ ጥቅሙ ለቺን ነው» አላቸው። አስጨረሱት። እንደ ሲማ ቺየን አባባል ጨዋማው መሬት ለመለመ፣ በቺን እምብርት ምድርም ክፉ ዓመት የሚባል ቀረ። ቦዩም በስሙ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ስድስቱ መንግሥታት ተራ በተራ ተያዙ። ሃን በ230፣ ጃዎ በ228፣ ዌይ በ225፣ ቹ በ223፣ የን በ222፣ ቺ በ221 ወደቁ።

ዋጋውን ሳልነግርህ ግን አላልፍም። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ርዕሱም መነሳት የሚል ነው። በንጉሥ ጃዎሺያንግ ዘመን ላይ የተሠራ ነው፤ 56 ዓመት ገደማ የነገሠ ሰው። እናቱን ንግሥት ሹዋንን ኒንግ ጂንግ ትጫወታታለች፣ ግሩም አድርጋ። ያ ምዕራፍ ወደ ቻንግፒንግ ያመራል። በ260 የቺኑ ጄኔራል ባይ ቺ የጃዎን ጦር ከቦ በረሃብ ያዘው። እጅ የሰጡትን አስጨረሳቸው። ሲማ ቺየን የሞተውን ሁሉ ደምሮ ከ400 ሺህ በላይ ያደርሰዋል። ቁጥሩን የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው። ጅምላ ግድያው ግን አይካድም፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በቦታው በተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ብቻ ወደ 130 የሚሆኑ አጽሞች ተገኝተዋል። ባይ ቺ ራሱ በ257 በንጉሡ ትእዛዝ ራሱን ሲያጠፋ ያን ሕዝብ በማታለል ገድያለሁና ሞት ይገባኛል እንዳለ ተጽፏል። ያ ማዕረግ፣ ያ የራስ ቆጠራ፣ ያ የመሬት ሽልማት እዚህም ነው ያደረሰው። የመዝገቡን ብርታት ሳደንቅ ይህ ከፊቴ አይጠፋም፣ ካንተም እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ።

የቺን ሕግ ሁሉ ጭካኔ ነበር የሚለውም ቢሆን ተጋኗል። ሲማ ቺየን በ209 አመጽ ያስነሱት ዘማቾች ዝናብ ይዟቸው ቢዘገዩ ሕጉ ሞት ስለሚል ነው የተነሱት ይላል። በሺ መቃብር የተገኘው ሕግ ለጉልበት ሥራ ለተጠራ ሰው ምን እንደሚል እይ። ከ3 እስከ 5 ቀን የዘገየ ይወቀሳል። ከ6 እስከ 10 ቀን የዘገየ የአንድ ጋሻ ዋጋ ይቀጣል። ከዚያ በላይ የአንድ ጥሩር ዋጋ ነው። ዝናብ ከሆነ ሥራው ይቀራል። ይህ የጉልበት ሥራ ሕግ ነው፣ የድንበር ጥበቃ ሕግ አይደለም፤ ስለዚህ ክርክሩን አይዘጋውም። ግን ከቺን በኋላ የመጡት የቺንን ስም ለማጥፋት ምን ያህል እንደተጉ ያሳይሃል። ንጉሠ ነገሥቱ በ210 ሞተ፣ መንግሥቱ በ206 አበቃ፣ ሃን ደግሞ መዝገቡንም ወረዳውንም ማዕረጉንም ወርሶ 400 ዓመት ገዛበት።

ልያቸው ወይ ላልከው፣ አዎ፣ በቅደም ተከተላቸው እይ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ከታሪክ አይርቁም። አራተኛው ላይ ግን ጠንቀቅ በል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በቻይና ራሷ ብዙ ተወቅሷል። በ13 ዓመቱ የነገሠውን ዪንግ ጀንግን፣ የኋላውን የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት፣ አርባ ዓመት የሞላው ተዋናይ ጃንግ ሉዪ ከልጅነቱ ጀምሮ መጫወቱ አንድ ነገር ነው፣ ትለምደዋለህ። ከባዱ ወቀሳ ግን ወራሪነትን ለሕዝብ የተደረገ በጎ ሥራ አስመስሎታል የሚል ነው፣ በዚህ እኔም እስማማለሁ። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ስለ ንጉሡ አማካሪ ስለ ሊ ሲ ንግግር ሌላ ጥያቄ ይዘህ እንደምትመጣ እገምታለሁ። በ237 የውጭ ሰዎች ከቺን ይባረሩ ሲባል የጻፈው አቤቱታ እስካሁን አለና ያኔ አብረን እናነበዋለን።